የሮማውያንን የእርሳስ መልህቅ መርምሮ በደህና ማስቀመጥ

ከሮማውያን የእንጨት መልህቅ ብዙውን ጊዜ ተርፎ የሚገኘው ከእርሳስ ማዕድን የተሠራው ክፍል ብቻ ነው። ግንዱንና ክንዶቹን የባህር ትል ይበላቸዋል፤ የሚቀረው ግንዱ አናት ላይ በአግድም የገባው ከባድ ዘንግ ነው። ይህ አግዳሚ የባህሩ ወለል ላይ ሲተኛ አንደኛው ክንድ ወደ ታች ዞሮ አሸዋውን ይነክሳል።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። ከየት ባህር፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ወጣ? በጣሊያን ከ1909፣ በእስራኤል ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው። መልስ ከሌለ አትግዙ። ቦታው የጠፋ አግዳሚ የየትኛው መርከብ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ይህ ጉዳት በምንም አይጠገንም።

ስታነሱት ጓንት አድርጉ፤ እርሳስ መርዝ ነው። ከመሃሉ ብቻ በገመድ ካንጠለጠላችሁት በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ስለዚህ በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች ያዙት።

ቀጥሎ መዝኑት፤ መጀመሪያ በአየር፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ። 40 ኪሎ የሚመዝን ንጹህ እርሳስ ውሃ ውስጥ 3.5 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ወይ የባህር ቅርፊት ተጣብቆበታል፣ ወይ ውስጡ ሌላ ነገር አለ። የመሃሉ ቀዳዳ ውስጥ የእንጨት ቁራጭ ካያችሁ ግን ውሃ አታስነኩት፣ አትጎርጉሩትም፤ የመልህቁ ዕድሜ በካርቦን ሊለካ የሚችለው በዚያ ቁራጭ ነው።

አሁን ክፍሉን አጨልሙና ባትሪ ከጎን፣ ከላዩ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ፊት ለፊት የማይታይ ፊደል በጥላው ይወጣል። ዶልፊን፣ ወይም አራት የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንቶች ልታዩ ትችላላችሁ። አጥንቶቹ አራቱም የተለያየ ፊት ካሳዩ ሮማውያን አጥንት እየጣሉ በሚጫወቱት ጨዋታ ምርጡ፣ የቬነስ ዕጣ ነው፤ መርከበኞቹ ዕድል እየለመኑ ነበር። ማልታ ውስጥ ሳሊና ወሽመጥ አጠገብ የወጣው 4 ቶን ገደማ የሚመዝን አግዳሚ የግብፅ አማልክት የሆኑትን የኢሲስንና የሳራፒስን ስም ይዟል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስቀመጫው ላይ ነው። የእርሳስ ጠላት እንጨት ነው። ኦክ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ካርቶን፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን፣ ሁሉም አሲድ ይተፋሉ። የጥንት ሰዎች ነጭ ቀለም የሚሠሩት እርሳስን በአቼቶ እንፋሎት አጥነው ነበር፤ የተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥም የሚሆነው ያው ነው። ቀለም የተጋገረበት የብረት መደርደሪያ ላይ፣ ሙሉ ርዝመቱን በሚደግፍ ጥቁር የፖሊኤቲሊን ፎም አስተኙት፤ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ይሁን። ፎሙ ጥቁር የሚሆነው ነጭ ዱቄት ሲረግፍበት ወዲያው እንዲታይ ነው።

ጠበቅ ያለ ግራጫ ሽፋን ጤነኛ ነው፤ አትንኩት። ዱቄት ከረገፈ ግን በብሩሽ አትፈግፍጉ፣ በሎሚም አትጠቡ። ፎቶ አንሱት፣ ከሌሎች እርሳሶች ለዩትና ለብረታ ብረት ቅርስ ጠጋኝ ስጡ፤ እሱ በኤሌክትሪክ ዘዴ ዝገቱን መልሶ ወደ እርሳስ ሊለውጠው ይችላል።