ስሙ ያልተሰማ ድራም ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባል የለ? ድራም ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ላይ ይህ ተረት በደንብ ይሠራል። ሻጩ ቁጭ ብሎ አንድ ሁለቴ ሲመታው ልብ ይሰርቃል። ቤት ወስዳችሁ ስትመቱት ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ይበልጥ የሚያዘናጋው ደግሞ አዲስ ብራንድ «በሙዚቃ መሣሪያ ሥራ ዕድሜያቸውን በጨረሱ ባለሙያዎች የተሠራ» ተብሎ ሲመጣ ነው። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ድራሙ ገና ምንም አልሰማንም። እኔ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲገጥመኝ የማደርገውን በቅደም ተከተል ላውጋችሁ።

1. «የምን ልምድ?» ብላችሁ ጠይቁ

ልምድ ሁሉ አንድ አይደለም። ያማሃ በፈረንጆቹ 1887 የጀመረው በኦርጋን ነው። ወደ ድራም የገባው በ1967 ነው። ያኔ እንጨትና ቀለም ለእሱ አዲስ ነገር አልነበሩም፤ የፒያኖ ቀለም አቀባቡ ድራሙ ላይም ታይቷል። ማፔክስ የተባለውን የድራም ብራንድ በ1989 ያወጣው የታይዋኑ ኬኤችኤስ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያም የሚሠራ ድርጅት ነው። ዲደብሊው (DW) በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት ጭራሽ የድራም ትምህርት ቤት ነበር። አምራች ያደረገው ካምኮ የተባለውን ድራም ሠሪ የማምረቻ መሣሪያዎች መግዛቱ ነው። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመውን ብሪቲሽ ድረም ካምፓኒን ብታዩ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ቀድሞ ፕሪሚየር በተባለው የእንግሊዝ ድራም አምራች ውስጥ ድራም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

አራቱም ልምድ ነው፤ ግን አራት ዓይነት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቡት። እንጨቱን እያጣበቀ ክብ የሚያደርገው ማን ነው? ጠርዙን ማን ይቆርጠዋል? ብረቱስ ከየት ይመጣል? ብዙ ብራንዶች ታይዋንና ቻይና ካሉ ፋብሪካዎች ተሠርቶ የሚመጣ አካል ላይ ስማቸውን ይለጥፋሉ። ነውር የለውም፤ ጥሩ ፋብሪካዎች አሉ። ዋጋው ግን «በእጅ የተሠራ» የሚል ከሆነ፣ የማን እጅ እንደሆነ የማወቅ መብት አላችሁ።

2. ቆዳውን አስፈትታችሁ ጠርዙን እዩ

ሻጩ ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል። ተዉት፣ ያጨፍግግ። ከሁሉም እርምጃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው።

ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ ጠርዝ የድራሙ ከንፈር ማለት ነው። ድምፁ እዚያ ይወለዳል፣ እዚያም ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ 45 ዲግሪ ላይ ይቆረጣል። ሹል ሲሆን ድምፁ ጥርት ብሎ ይረዝማል፤ ክብ ሲሆን ይደፈናል፣ ይሞቃል። ሁለቱም ጥፋት አይደሉም። ጥፋቱ እዚህ ጋ ሹል፣ እዚያ ጋ ክብ ሲሆን ነው።

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ በዙሪያው አስኪዱት። ቆረቆራችሁ? ሰረጎደባችሁ? ቦታውን ያዙት። ቀጥሎ ድራሙን ቆዳ በሌለው ጎኑ የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ድፉትና የስልካችሁን መብራት ውስጡ አድርጉ። ክፍሉን አጨልሙት። በጠርዙ ሥር ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ካለ፣ ቆዳው እዚያ ጋ አይቀመጥም። የፈለጋችሁትን ያህል ብትቃኙት አይስማማም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህንን ዘዴ የተማርኩ ሰሞን አንድ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራም) ገልብጬ አየሁና ግራና ቀኝ ብርሃን ሲወጣ «ይሄማ የተበላሸ ነው» ብዬ አወጅኩ። አጠገቤ የቆሙ አንድ አንጋፋ ድራመር ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ እሱ እኮ የሽቦው መተኛ ነው። እንዳታስቀን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የስኔር የታችኛው ጠርዝ፣ ሽቦው ከቆዳው ጋር እንዲጣበቅ ሆን ተብሎ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ዝቅ ይደረጋል። ሁለቱ ጥልቀታቸው እኩል ከሆነ ሰሪው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሜትር አውጡና ስፋቱን በሦስት አቅጣጫ ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ካለፈ ድራሙ ክብ አይደለም።

3. ቆዳው በነፃ ይገባል?

አዲስ ቆዳ ከላይ ስታስቀምጡበት ሳይገፋ ቁጭ ማለት አለበት። በጣታችሁ ስታሽከረክሩት ይዙር። ከያዘ ወይ እንጨቱ ሰፍቷል፣ ወይ እንጨቱ ላይ የተለጠፈው መጠቅለያ ወፍሯል።

ልኩንም አጣሩ። 14 ኢንች ስኔር፣ 10፣ 12 እና 16 ቶም (መካከለኛዎቹ)፣ 20 ወይም 22 ቤዝ (በእግር የሚመታው ትልቁ) ከሆነ ቆዳ አታጡም። ልምድ ብቻውን ከዚህ አያድንም። ፕሪሚየር የታወቀ ቤት ነው፤ የድሮዎቹ የእንግሊዝ ድራሞቹ ግን ዛሬ በየሱቁ ያለው ቆዳ አይገባባቸውም። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ቆዳ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሰው ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ የተለየ ልክ ያለው ድራም ውሎ አድሮ የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል።

4. ብሎኑን በጣት አሽከርክሩ

በቁልፍ ሳይሆን በጣት። ቆዳውን የሚወጥረው እያንዳንዱ ብሎን እስከ መጨረሻው ሳያንገራግር መግባት አለበት። አንዴ አብረቅራቂ ነገር አታሎኝ ስሙን የማልጠራው ስኔር ገዛሁ። ሠርግ ልንሠራ ቅዳሜ ስንዘጋጅ የብሎኑ ጥርስ ተበላ። ሙዚቃው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቆዳውን በፕላስተር ይዤ ነበር። ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

የሽቦውን መክፈቻም 20፣ 30 ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከላላ ዛሬ እወቁት።

5. አሁን ምቱት

ድምፅ ለማፈን የተለጠፈ ቴፕና ጄል ካለበት አስነሡ። ከተቻለ የምታውቁትን ቆዳ ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ የምትፈትሹት ድራሙን ሳይሆን ሱቁ የገጠመውን ቆዳ ነው።

ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣት አጥብቁ። ከዚያ በቁልፍ ትይዩ ትይዩውን እየቀያየራችሁ ግማሽ ግማሽ ዙር ጨምሩ። ከሪሙ (ቆዳውን ከያዘው ቀለበት) ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየብሎኑ ፊት ለፊት በስቲክ ነካ ነካ አድርጉ። ድምፁ እኩል እስኪሆን። እንዲህ አድርጋችሁ ዝቅ፣ መካከለኛና ከፍ ያለ ቅኝት ሞክሩ። አንዱ ላይ ብቻ የሚያምር ድራም ስቱዲዮ ውስጥ ሊያገለግል ይችላል፤ በአንድ ምሽት ከጉራግኛ ወደ ትዝታ ለሚዘል ባንድ ግን ያስቸግራል።

ቀጥሎ ስቲኩን ለሌላ ሰው ስጡና አሥር እርምጃ ራቁ። አድማጭ የሚሰማው እዚያ ያለውን ነው። በስልክም ቅዱት። ቀጥሎ የምታውቁትን አሮጌ ድራም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ቅኝት አስመቱና ሁለቱን በማግስቱ ስሙ። ሱቅ ውስጥ ያለው ጉጉት በማግስቱ በረድ ይላል።

6. አሳድሩት፣ ጠይቁት

ሻጩ ከፈቀደ ለአንድ ሳምንት ውሰዱት። እርጥበት ካለበት አገር ተሠርቶ ወደ ደጋ የመጣ እንጨት አየሩ ሲደርቅበት ሊኮማተር ይችላል። መጠቅለያው በመጋጠሚያው በኩል ከተነሣ፣ ወይም ትናንት የቃኛችሁት ዛሬ በየብሎኑ ከረገበ፣ መልሱ።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የዚህ የአንዷ ብሎን ቤት ብትሰበር ሌላ ከየት አገኛለሁ? በስንት ቀን?» አዲስ ብራንድ ስለሆነ መለዋወጫ በየሱቁ አይኖርም፤ ይህ ይገባናል። ጥሩ ሻጭ መሳቢያውን ይከፍትና ሁለት ሦስቱን አውጥቶ ያሳያችኋል። ሌላው «ይሄ እኮ አይሰበርም» ይላል።