የድርጅትዎን ሊኩዊዲቲ በራስዎ እንዴት ይለካሉ?

ሊኩዊዲቲ ማለት አንድ ንብረት ዋጋው ሳይሰበር በምን ያህል ፍጥነት ወደ ጥሬ ገንዘብ ይቀየራል የሚለው ነው። ሕንፃ ብዙ ያወጣል፤ ነገ ጠዋት ግን ደመወዝ አይከፍልም። በወረቀት ላይ አትራፊ የሆነ ድርጅትም እዚህ ላይ ተሰናክሎ ሊዘጋ ይችላል።

መጀመሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚሆነውን ይደምሩ። በካዝናና በባንክ 200 ሺህ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ 300 ሺህ፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ 500 ሺህ ቢሆን ድምሩ 1 ሚሊዮን ነው። በዓመቱ ውስጥ የሚከፈለው ዕዳ 625 ሺህ ከሆነ፣ ድምሩን ለዕዳው ሲያካፍሉ 1.6 ይመጣል። ደህና ይመስላል፤ ግን አይቸኩሉ። ዕቃውን አውጥተው የቀረውን 500 ሺህ (ጥሬ ገንዘቡንና ከደንበኞች የሚሰበሰበውን) ለ625 ሺህ ያካፍሉ፦ 0.8። ዕቃው ካልተሸጠ ለእያንዳንዱ 100 ዕዳ በእጅዎ ያለው 80 ብቻ ነው ማለት ነው። ይበልጥ የሚታመነው ይኸኛው ቁጥር ነው፤ እሱም ቢሆን የማይመለስ የቆየ ዱቤ ከተደመረበት ያሳስታል። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ካለፈ 90 ቀን የሞላውን ዱቤ ቀንሰው ያስሉ።

ቀጥሎ ቀናቱን ይቁጠሩ። ዕቃው እስኪሸጥ 60 ቀን፣ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ 45 ቀን ከፈጀና አቅራቢው የሚታገስዎት 30 ቀን ከሆነ፣ 75 ቀን ሙሉ ንግዱን የሚሸከመው የእርስዎ ገንዘብ ነው። ሽያጭ ሲያድግ ሸክሙም ያድጋል። ለማሳጠር ቀላሉ መንገድ የክፍያ መጠየቂያውን ዕቃው በወጣበት ዕለት መላክ ነው፤ በወር መጨረሻ እያጠራቀሙ መላክ ያለ ምክንያት ሳምንታት ይበላል። ማሽን ደግሞ በአጭር ጊዜ ብድር አይግዙ፦ ማሽኑ ወጪውን ሳይመልስ የብድሩ ቀን ይደርሳል።