የአመክሮ ሠራተኞችን ስታሠለጥኑ የምትስቱት የት ላይ ነው?

በአመክሮ የወጣን ወይም በገደብ የተለቀቀን ሰው የሚከታተል ሠራተኛ ሥራው መቆጣጠር ብቻ አይደለም። ሰውየው እንዲለወጥም ማገዝ አለበት። ካናዳ ውስጥ እነ ጄምስ ቦንታ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ ብለው ያዘጋጁት ስቲክስ የሚባል ሥልጠና አለ። እሱን እያየን ብዙ ቦታ የሚደጋገሙትን ስህተቶች እናንሳ።

ሦስት ቀን አሠልጥኖ መሸኘት። ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ፣ አለቀ። በስቲክስ ግን ሦስቱ ቀን መጀመሪያው ነው። ከዚያ በየወሩ በትንንሽ ቡድን ይገናኛሉ። ከባለጉዳይ፣ ማለትም ከሚከታተሉት ሰው፣ ጋር ያደረጉትን ውይይት በድምፅ ቀድተው ይልካሉ፣ አስተያየትም ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያው ጥናት የሠለጠኑት ሠራተኞች ከተከታተሏቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ያጠፉት 25 በመቶ ገደማ ነበሩ። ካልሠለጠኑት ዘንድ 40 በመቶ ገደማ። ጥናቱ ትልቅ አይደለም፣ ልዩነቱ ግን የሚናቅ አይደለም። አንድ ነገር፦ ቅጂው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደማይውል ቀድማችሁ ንገሯቸው። አለዚያ የሚልኩላችሁ ያማረውን ብቻ ነው።

ደንብ ብቻ ማስተማር። «ፈርመሃል? አድራሻ ቀይረሃል?» እየተባለ ሰዓቱ ያልቃል። ማኒቶባ በምትባል የካናዳ ክፍለ ሀገር በተሠራ ጥናት፣ በአንድ ቆይታ ስለ አመክሮ ግዴታዎች ከ15 ደቂቃ በላይ በሚወራበት ቦታ እንደገና የሚያጠፋው ሰው በዝቶ ተገኝቷል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ባይባልም ያሳስባል።

ሠልጣኙ መልመድ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። ባለጉዳዩ «ሰደበኝ፣ መታሁት» ይላል። «ሲሰድብህ ምን አሰብክ?» ብሎ መጠየቅ። «ዝም ካልኩ ፈሪ ይሉኛል» የሚል መልስ ይመጣል። ሥራው ያለው እዚያች ሐሳብ ላይ ነው። ይህ ደግሞ በስላይድ አይለመድም። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆነው ደጋግመው ይሞክሩት። «ኮግኒቲቭ» ምናምን የሚለውን ለመምህራን ተዉት።

ሁሉንም እኩል መያዝ። እንደገና የማጥፋት ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነን ሰው በጣም ከሚያሰጉት ጋር አንድ ክፍል አስገብቶ የማረሚያ ትምህርትና ምክር ማብዛት ጉዳቱ ያመዝናል። ጊዜው ለሚያሰጉት ይሁን።

አለቆችን መርሳት። ሠራተኛው ተምሮ ሲመለስ አለቃው «ያንን ተወውና ፎርሙን ሙላ» ካለው ሁሉም ነገር በሳምንት ይጠፋል። ከሠራተኞቹ በፊት አለቆቹን ለሥልጠና አስቀምጧቸው፣ የሚቀዳውን ውይይትም አብረው ይስሙ።