የሞተር ሰልባትዮ ቀለም ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ቤት ውስጥ በተቀባ ሰልባትዮ (የሞተር ሳይክል ነዳጅ ታንክ) ላይ የሚታይ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሥር ነው። ምክንያቱን ሳያገኙ በላዩ መደረብ ቀለምም ብርም ማባከን ነው።

መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል። ቤንዚኑ ቢያልቅም ትነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ የከሰል ምድጃ ድረስ ይደርሳል። ከሞተሩ አውርዱት፣ አንጠፍጥፉት፣ በፈሳሽ ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ደጅ አድርቁት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ግራይንደርና እሳት አታስጠጉበት። አሮጌውን ቀለም በእጅ፣ በብርጭቆ ወረቀት አንሱ።

ክዳኑ ዙሪያ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። በጣሳ የሚሸጠው ተራ ስፕሬይና በቲነር ብቻ የቀጠነ ናይትሮ ቀለም የቱንም ያህል ቢደርቁ ቤንዚን ሲነካቸው መልሰው ይለሰልሳሉ። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ጠብ የምትለው ጠብታ ትበላቸዋለች። መፍትሔው ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጭ ቀለም አልባ ሽፋን) ነው፤ መጠኑን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ፣ በግምት አትጨምሩ። ሆኖም ማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ማስክም አያቆመውም። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም ማንሳቱን፣ ስቱኮውንና (የጎደጎደውን መሙያ) ፕራይመሩን (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ቤት ሠርታችሁ ክሊሩን መርጫ ክፍል ላለው ጋራዥ ስጡት እላለሁ። ከተረጨ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቤንዚን አይንካው።

ከሳምንታት በኋላ ጉብ ጉብ ይላል

እብጠቱን በምላጭ ጫፍ ክፈቱትና እዩ። ቡናማ ዱቄት ከወጣ ዝገት ነው። ስቱኮው ረጥቦ ከተገኘ ውሃ ጠጥቷል፤ ስቱኮ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ሁልጊዜ በደረቁ ነው የሚፈተገው። ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ላሜራው ተበስቷል።

ቀዳዳው በዓይን ካልታየ፣ ታጥቦ የደረቀውን ሰልባትዮ የታችኛውን ስፌት ከውጭ ጠመኔ ቀቡት፤ ትንሽ ላምባ ውስጡ አድርጋችሁ ስፌቱ ላይ እንዲተኛ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት። ላምባው የሚያሾልክበት ቦታ ጠመኔው ላይ ጠቁሮ ይታያል። የተበሳን ሰልባትዮ በስቱኮ መድፈን አደጋ ነው፤ ወይ ነዳጅ ታንክ መበየድ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት፣ ወይ ቀይሩት።

ዝገት ብቻ ከሆነ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን በፎስፎሪክ አሲድ ግደሉ፣ አጥባችሁ ጥሩ አድርጋችሁ አድርቁ። ኢፖክሲ ፕራይመሩን በዚያው ዕለት ቀቡ። ራቁት ብረት በተለይ ክረምት ላይ ካደረ መልሶ ይዝጋል።

እንደ ልጣጭ ተገፎ ይነሳል

ብረቱ ለስልሶ ወይም ቅባት ይዞ ነው የተቀባው። በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ ፕራይመሩን ደግሞ ከቀለም በፊት በ400 ፈትጉ።

ስትረጩ ወዲያው የሚመጡ

ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ከተወ ቅባት ወይም ሲሊኮን አለ፤ ብዙ ጊዜ ከማንጸባረቂያ ፖሊሽ ይመጣል። አቁሙ፣ ይድረቅ፣ ፈትጋችሁ በቅባት ማጽጃ ጥረጉ፤ በአንድ ጨርቅ ቀቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ አንሱ። አሮጌው ቀለም ከተኮማተረ አዲሱ ቲነር በልቶታል፤ እስከ ብረቱ ማንሳት ይሻላል። ነጭ ጉም ከለበሰ የዝናብ እርጥበት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲደርቅ በዝግታ በሚደርቅ ቲነር ድገሙት። ቀለሙ ተንጠባጥቦ ከወረደ አብዝታችኋል ወይም ቀርባችሁ ረጭታችኋል፤ ሲደርቅ በውሃ ፈትጉት።

ከተቀባ በኋላ ሞተሩ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል

ክዳኑን ክፈቱ። አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ከተነሳ፣ የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ ቀለም ደፍኖታል፤ በቀጭን ሽቦ ክፈቱት። ካልሆነ የፍትጊያው ብናኝ ወርዷል፤ የነዳጅ መክፈቻውን ፈትታችሁ ማጣሪያውን እጠቡ።