ሊኑክስ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ኢንተርኔት እምቢ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። ላፕቶፔ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ዊንዶውስ የምፈልገው ለፒችትሪ (ለሒሳብ መዝገብ ፕሮግራሙ) ብቻ ስለሆነ ቨርት-ማናጀር ውስጥ ጭኜዋለሁ፤ ይሄ በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔቱ ከስልኬ ሆትስፖት ወደ ሊኑክስ፣ ከሊኑክስ ደግሞ ወደ ዊንዶውስ ይሄዳል። የትም ቦታ ላይ ቢቋረጥ ዊንዶውስ የሚያሳየው ያችኑ አንድ ምልክት ነው፤ ሌላ አይነግራችሁም።

ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት (እጃችን ወዲያው ወደዚያ ነው የሚሮጠው) ሊኑክሱ ራሱ ኢንተርኔት እንዳለው እዩ። እኔ ጥቅል አልቆ ዊንዶውስ ስጎረጉር ያመሸሁበት ቀን አለ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ በሉ። መስመሩ የት ጋ እንደተበጠሰ የሚጠቁመው የሚወጣው የአይፒ አድራሻ ቁጥር ነው። ትእዛዞቹን እኔ በፊደላችን ብጽፋቸውም እናንተ በላቲን ነው የምትጽፏቸው።

ምንም ቁጥር ከሌለ

ዊንዶውስ የኔትወርክ ካርዱን አላወቀውም ማለት ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኢተርኔት ኮንትሮለር የሚል ስም ቢጫ ምልክት ይዞ ታገኛላችሁ። ካርዱ ቪርትአይኦ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የሱን ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ቪርትአይኦ-ዊን የሚባለውን አይኤስኦ በሊኑክሱ አውርዳችሁ እንደ ሲዲ ታስገቡለትና ኔትኬቪኤም የሚለውን ፎልደር ታሳዩታላችሁ። ግን ፋይሉ ከ500 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ቀልድ አይደለም። እኔ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ቨርት-ማናጀር ላይ የካርዱን ዲቫይስ ሞዴል ዊንዶውስ ወደሚያውቀው ኢ1000ኢ ቀየርኩት። ሠራ። ፍጥነቱ ከቪርትአይኦ ያንሳል፣ ግን በኛ ሰፈር ኔትወርክ ልዩነቱን ማን ያየዋል?

ቁጥሩ በ169.254 ሲጀምር

ይሄ ዊንዶውስ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ጠይቆ፣ መላሽ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። መልስ መስጠት የነበረበት ሊኑክሱ ነው፤ ቪርቢአር0 የሚባል የውስጥ ድልድይ አለው፣ አድራሻ የሚታደለውም እዚያ ላይ ነው። ዩኤፍደብሊው የሚባለውን የኡቡንቱ ፋየርዎል አብርታችሁ ከሆነ ጥያቄው ደጃፍ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ለማረጋገጥ ፋየርዎሉን ለአንድ ደቂቃ አጥፉና ዊንዶውስ ላይ አይፒኮንፊግ /ሪኒው በሉ። ቁጥሩ ከተቀየረ ጥፋተኛው ተገኘ። ፋየርዎሉን መልሳችሁ አብሩና ሊኑክሱ ተርሚናል ላይ ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኢን ኦን ቪርቢአር0 ብላችሁ ፍቀዱለት። አጥፍታችሁ እንዳትተዉት ብቻ።

ፋየርዎሉ ንጹህ ከሆነስ? ምናልባት ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ ኔትወርኩን አጥፍታችሁ አብርታችሁታል። ያኔ ካርዱ ከድልድዩ ይላቀቃል። ሪስታርት አይበቃውም፤ ሙሉ በሙሉ ዝጉትና እንደገና አስነሱት።

መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ከሞተ በኋላ ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳም ካለና ዲፎልት የሚባለው ኔትወርክ አክቲቭ አይደለም የሚል መልእክት ካመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ኤዲት፣ ኮኔክሽን ዲቴይልስ፣ ቨርቹዋል ኔትወርክስ ግቡና ዲፎልትን አስነሱት። ኦቶስታርት የሚለውን ሳጥንም ምልክት አድርጉበት፤ አለዚያ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በሞተ ቁጥር እዚሁ ትመለሳላችሁ።

ቁጥሩ በ192.168.122 ጀምሮ ገጽ አልከፍት ሲል

እስከ ሊኑክሱ ድረስ ደህና ነው። ፒንግ 192.168.122.1 በሉ (ሊኑክሱ ራሱ ነው)፣ ቀጥሎ ፒንግ 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው)። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው ዝም ካለ ሊኑክሱ መተላለፊያውን ዘግቶታል። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) የጫነ ሰው ዶከርን ይጠርጥር፤ ሲነሳ የሚተላለፈውን ሁሉ የሚጥል ሕግ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም ከመለሱ ግን የጠፋው የድረ-ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ 8.8.8.8ን በእጃችሁ አስገቡ።

ዊንዶውሱን በዋይፋይ ብሪጅ ለማድረግ፣ ማለትም በሊኑክሱ አድራሻ ሳይሆን በራሱ አድራሻ ዋይፋዩ ላይ ለማስገባት፣ የምትታገሉ ካላችሁ ተዉት። ዋይፋዩ በተመዘገበው ካርድ ስም የመጣውን እንጂ የሌላ ካርድ አድራሻ ይዞ የመጣውን አይቀበልም። በገመድ ካልሆነ «ናት» (NAT) በሚባለው፣ ዊንዶውሱ በሊኑክሱ አድራሻ በሚወጣበት በዲፎልት ኔትወርክ ላይ እርጉ።

ሁሉም ይሠራል፣ ጥቅሉ ግን ጠዋት የለም

ይሄ ነው እኔን ያናደደኝ። ማታ ፒችትሪን ከፍቼ ትቼው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ የሳምንቱ ዳታ ሙልጭ ብሏል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሆትስፖት መሆኑን የሚያውቀው ሊኑክሱ ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱ የሚያየው በገመድ የገባ ኢተርኔት ስለሆነ ያለ ሐሳብ አፕዴቱን ያወርዳል። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ኢተርኔት፣ ከዚያ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ። አብዛኛውን አፕዴት ያቆማል።

እኔ አሁን ከዚያም አልፌ ቨርት-ማናጀር ላይ የካርዱን ሊንክ ስቴት አጠፋዋለሁ፣ ገመዱን እንደመንቀል ነው። የቀን ሒሳብ ለመመዝገብ ኢንተርኔት አያስፈልገኝም። ከዚህ በኋላ አይፒኮንፊግ ሚዲያ ዲስኮኔክትድ ቢላችሁ ይህችን አስታውሱ፤ እኔ ባለፈው ያጠፋሁትን ራሴ ረስቼ ግማሽ ሰዓት ድራይቨር ስፈልግ ነበር።