‹‹ዲሳይፈር›› የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በዕለት ተዕለት ንግግር እንዴት እንጠቀምበት?

የሐኪም ማዘዣ ይዘው ቸርችል ጎዳና ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ቢገቡ፣ ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ አንዴ አቅንታ አንዴ አዘንብላ ስታየው ይመለከቱ ይሆናል። ፊደሉ አለ፣ ቋንቋውም የታወቀ ነው፤ ጽሑፉ ግን አልነበብ ብሏል። እንግሊዝኛው ‹‹ዲሳይፈር›› የሚለው ግስ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፦ ዓይን ሥር ወይም ጆሮ ላይ ያለን፣ ግን በቀላሉ የማይለይን ነገር ታግሎ ማንበብ።

እንግሊዝኛ የምንማር ሰዎች ወይ ይህን ቃል ጨርሶ አንነካውም፣ ወይ ‹‹ገባኝ›› ማለት ባሰኘን ቁጥር እንመዘዋለን። ሁለቱም ያሳዝነኛል። በቦታው ሲውል ረጅም ማብራሪያ የሚያስቀር ቃል ነውና።

ስለዚህ አፍዎ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ያስቸገረኝ መልኩ ነው ወይስ ሐሳቡ? ተጣድፎ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ደረሰኝ፣ ማኅተም ያረፈበት ፊርማ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ የሚመጣ ስልክ ከሆነ፣ ‹‹ዲሳይፈር›› ትክክለኛ ቦታው ነው። የኪራይ ውልዎ ጥርት ብሎ ታትሞ ሳለ አንቀጹ ካልገባዎት ግን ‹‹አንደርስታንድ›› ይበቃል። አንቀጹ በሕግ ቋንቋ ተተብትቦ የምስጢር ጽሑፍ ከመሰለብዎት ያን ጊዜ ‹‹ዲሳይፈር›› ቢሉም ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ይሉታል።

ማንበብና መረዳት ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማየት የጎረቤታችንን የሱዳንን ጥንታዊ ጽሑፍ፣ የመርዌን ጽሑፍ፣ ማንሳት ጥሩ ነው። እንግሊዛዊው ምሁር ግሪፊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፊደላቱ የትኛውን ድምፅ እንደሚወክሉ ለየ። ስለዚህ ፊደሉ ‹‹ዲሳይፈርድ›› ነው ይባላል። ቋንቋው ግን ዛሬም በአብዛኛው አልተፈታም፤ ምሁራን ድምፁን እያነበቡ ትርጉሙን ይፈልጋሉ። የሂሮግሊፍ፣ ማለትም የጥንታዊት ግብፅ የሥዕል ጽሑፍ፣ ዕድል የተሻለ ነበር። ፈረንሳዊው ምሁር ሻምፖልዮን እ.ኤ.አ. በ1822 ቁልፉን ካገኘ በኋላ፣ የኋለኛው ዘመን የግብፅ ቋንቋ የሆነው ቅብጥኛ ይታወቅ ስለነበር፣ ንባቡ ወደ ትርጉም አደረሰ።

አማርኛ ተናጋሪውን አብዝቶ የሚያሳስተው ‹‹ፈታ›› የሚለው ግሳችን ነው። እኛ ሒሳብም፣ ህልምም፣ ቋጠሮም፣ እንቆቅልሽም፣ ቅኔም እንፈታለን። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለብዙ ግሶች አከፋፍሎታል። ሒሳብና እንቆቅልሽ ሲሆን ‹‹ሶልቭ››፣ ህልም ሲሆን ‹‹ኢንተርፕረት››፣ ቋጠሮ ሲሆን ‹‹አንታይ›› ነው። ለማይነበብ ጽሑፍ የቀረው ‹‹ዲሳይፈር›› ነው። ቅኔ መሐል ላይ ይቆማል፦ ሰሙ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ነው፣ የተሰወረው ወርቁ ነው። ያንን ወርቅ ፈልጎ ማውጣቱን ‹‹ዲሳይፈር›› ቢሉት የውጭ አገር እንግዳዎ ይረዳዎታል፤ ለሌላው አብራርቶ ማስረዳቱን ግን ‹‹ኢንተርፕረት›› ይበሉት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስማ ‹‹ትራንስሌት›› እንጂ በምንም መንገድ ‹‹ዲሳይፈር›› አይደለም።

አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ጉልበቱ ‹‹ሳይ›› ላይ ይረፍ። ሲጻፍ የ‹‹ፍ››ን ድምፅ የሚሰጡት ‹‹ፒ›› እና ‹‹ኤች›› ናቸው።

አሁን ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት። ግሱ ብቻውን መቆም አይወድም፣ ተሳቢ ይፈልጋል፤ ተሳቢውም ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይከተለዋል። ‹‹አይ ካንት ዲሳይፈር ዚስ ሲግኔቸር›› ማለት ይህን ፊርማ ማንበብ አቃተኝ ነው። ‹‹ካን ዩ ዲሳይፈር ዋት ሂ ሮት?›› የጻፈውን መለየት ትችላለህ? ‹‹ሺ ማኔጅድ ቱ ዲሳይፈር ዘ ዴት›› ቀኑን እንደምንም አነበበችው። ‹‹ሂዝ ሃንድራይቲንግ ኢዝ ሃርድ ቱ ዲሳይፈር›› የእጅ ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል። በአራቱም ውስጥ ያለውን ልብ ይበሉ፦ አልቻልኩም፣ ትችላለህ ወይ፣ እንደምንም፣ ያስቸግራል። ትግሉ የቃሉ ነፍስ ስለሆነ እነዚህ አጃቢዎች ሲኖሩት ነው የሚያምረው። ‹‹ጋዜጣውን ዲሳይፈር አደረግሁ›› ቢሉ፣ ጋዜጣው ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል።

ሁለት ነገሮችን ይራቁ። ከግሱ ኋላ ‹‹አባውት›› አይግባ። እንደዚሁም ‹‹መቆጣቱን ደረስኩበት›› ለማለት ‹‹አይ ዲሳይፈርድ ዛት ሂ ወዝ አንግሪ›› አይበሉ፤ እዚህ ላይ ‹‹አይ ፊገርድ አውት ዛት ሂ ወዝ አንግሪ›› ነው የሚባለው።

በእርግጥም ቡና እየጠጡ ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ ‹‹ዲሳይፈር›› ትንሽ ከበድ ይላል። እንግሊዞቹም አሜሪካኖቹም በቤት ንግግራቸው ዓይን ወይም ጆሮ ላስቸገረው ‹‹ሜክ አውት››፣ አእምሮ ለደረሰበት ‹‹ፊገር አውት›› ይላሉ። ተውላጠ ስም ሲገባ መሐላቸው ይገባል፦ ‹‹አይ ካንት ሜክ ኢት አውት››። ‹‹ሜክ አውት›› በአሜሪካኖች ዘንድ ያለ ተሳቢ ሲነገር መሳሳም ማለት ስለሚሆን ተሳቢውን አይርሱ። አስቀድሞ ስምምነት የተደረገበት የምስጢር ቁልፍ ካለ ደግሞ ‹‹ዲኮድ›› የበለጠ ይስማማል።

ለልምምድ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂዱ። ከአክሱም በፊት የነበረው ዘመን ቅርሶች መካከል የሳባ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ። ብዙዎቹ ፊደላት የእኛው ሀለሐመ ዘመዶች ስለሆኑ አንድ ሁለቱን ራስዎ ለመለየት ይሞክሩ። ከዚያ ‹‹አይ ማኔጅድ ቱ ዲሳይፈር ቱ ሌተርስ›› ይበሉ፤ ሁለት ፊደል ለየሁ ማለት ነው። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጽሑፍ ስላነበቡት ሊቃውንት ሲነገርም የሚያገለግለው ያው ነው። ሙዚየሙ ካልተመቸዎት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ኅዳጉ ላይ በእጁ የጫጫረበትን መጽሐፍ ይግዙ። አንድ ገጽ ይምረጡና ያነበቡትን ቃል ሁሉ በ‹‹ዲሳይፈር››፣ ያቃተዎትን በ‹‹ካንት ሜክ አውት›› እየጻፉ ይጨርሱት።