ሊንከን ታውን ካርን ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩን ከራሱ ከመኪናው አንብቡ

ታውን ካር የሚባለውን ትልቅ የሊንከን መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ማይል ሄዷል ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የሻንሲ ቁጥሩን ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መኪና ለዓመታት ሰው አመላልሻለሁ፣ እስካሁንም እወደዋለሁ።

ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ስር ይታያል፣ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። 10ኛው የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል እንደሆነ ይነግራችኋል። ኤል 1990 ነው፣ ደብልዩ 1998፣ 3 ደግሞ 2003 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ኮዱ በ30 ዓመት ስለሚደገም የመጀመሪያው የ1981 እና የመጨረሻው የ2011 ሞዴል ሁለቱም ቢ ናቸው። ቅርጻቸው ግን በፍጹም አይምታታም። 11ኛው ዋይ ከሆነ ሚሺጋን፣ ዊክሶም ተገጣጥሟል። ኤክስ ከሆነ ካናዳ፣ ሴንት ቶማስ ነው። ዊክሶም በ2007 ሲዘጋ ሥራው ወደዚያ ሄደ፤ በነሐሴ 2011 ማብቂያ ላይ እዚያም የመኪናው ምርት ቆመ።

አሁን ራቅ ብላችሁ ቅርጹን እዩ። ታውን ካር በ1970ዎቹ ኮንቲኔንታል የተባለው የሊንከን መኪና ቅንጡ ደረጃ ስም ነበር፣ ያ መኪና ርዝመቱ 5.9 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ አጠሩት፤ በ1981 ስሙ ራሱን ችሎ ወጣ። እስከ 1989 በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ አራት ማዕዘን ነው። በ1985 ተፎካካሪው ካዲላክ ዴቪል የተባለውን መኪናውን አሳንሶ በፊት ጎማ የሚነዳ ሲያደርገው፣ ረጅሙንና በኋላ ጎማ የሚነዳውን የሚፈልግ ደንበኛ ወደ ሊንከን ዞረ። መኪናውን ያቆየው አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1990 ጠርዙ ለሰለሰ፣ በ1998 ደግሞ ይበልጥ ከበብ አለ።

ሞተሩ እስከ 1990 ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 ነው። በ1991 የገባው 4.6 ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን አንድ በሽታ አለው። ከ1996 እስከ 2001 ባሉት ላይ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ የሚያልፍበት የፊት ክፍሉ በሙቀት ይሰነጠቃል። ኮፈኑን ክፈቱና በባትሪ መብራት ዲናሞው አካባቢ እዩ። የደረቀ የውሃ እድፍ ካለ ያፈሳል ማለት ነው። የፊት ክፍሉ አሉሚኒየም ከሆነ ተቀይሯል፣ ደስ ይበላችሁ።

በብዙዎቹ ላይ የኋላው ሞላ በአየር የሚሠራ ነው። አድሮ ቂጡ ወርዶ ካገኛችሁት አየር ያመልጣል። በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለውን የአየር ሞላውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ።

ምርጫ ካላችሁ 2003 እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ያዙ። ሻንሲውም መሪው የሚሠራበት መንገድም ያኔ ተቀይሯል፤ ጥምዝ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

በመጨረሻ ሊሞ (ከነሾፌሩ የሚከራይ የቅንጦት መኪና) ሆኖ ሠርቶ እንደሆነ አጣሩ። አካሉ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ቆርጦ ለማስረዘም ይመቻል፣ የሊሞ ድርጅቶች የወደዱትም ለዚህ ነው። ከ2000 ወዲህ ፋብሪካው ራሱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የረዘመ አወጣ፤ የኋላ በሩ ሰፊ ነው። የሊሞ መኪና ደንበኛ ሲጠብቅ ሞተሩ ሳይጠፋ ለሰዓታት ይቆማል። ያንን ማይሉ አይቆጥረውም። ስለዚህ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን ጠይቁ፣ ከሌሉ ዋጋው ላይ ጠንክራችሁ ተከራከሩ።